ከማዕበሉ ይልቅ ሂሳቡ

ጎጃምን አባይ በሦስት በኩል ከቦታል። እንዲህም ሆኖ የጉንደ ወይን ሰው ውኃን የሚያውቀው ለመሻገር እንጂ ለመንሸራሸር አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዝ ማለት መንገድ የሚዘጋ፣ ከብት የሚወስድ፣ ማዶ ያለ ዘመድን ለቅሶ የሚያስቀር ነገር ነው። ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የወረደ ያውቀዋል። ያ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ሰው ለአሥርት ዓመታት ይሻገር የነበረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎልማሶች እየጎተቱት ነው። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ፣ ሰው አስተባብሮ መጣና በ1994 ዓ.ም. አስጠገነው። በ1997 ክረምት አባይ ሞልቶ ጥገናውን ይዞት ሄደ። በ2001 ደግሞ ከፍ ተደርጎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ከዚያ በፊት ግን የእኛ አገር የውኃ ሽርሽር ገመዱ ነበር። ቡፌ የለው፣ መዋኛ የለው፤ ጉዞው አፍታ ነው፤ የተሻገረበት ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው ይኖራል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው፣ ገንዘብ ከፍለን ውኃ ላይ እንወጣለን፣ እዚያው እንሰነብታለን፣ ከዚያ ከተነሣንበት ቦታ ተመልሰን እንወርዳለን ብሎ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አክስቴ እማሆይ ከጉንደ ወይን ሜሪላንድ ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ ልጅት በክሩዝ መርከብ ልታዝናናቸው ተነሣች።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ እማሆይ።

«ባሐማስ ደርሰን እንመለሳለን።»

«ምን ልናመጣ?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አልተገኘም። ትኬት የመፈለጉ ሥራ ግን ለእኔ ተጣለ፤ ልጅት ሁለት ሥራ ስለምትሠራና እኔ ደግሞ ወሬ ስለምወድ። ከዚያ ወዲህ ክሩዝ ሊሄድ ያሰበ የአገር ልጅ ሁሉ እየደወለ ያማክረኛል። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «አይሰጥምም?»

የደጋ ሰው ሲፈራ የሚፈራው ውኃውን ነው። ልፈራ ካሉስ ሂሳቡን መፍራት ይሻላል።

ስለ መስጠሙ ቶሎ ልጨርስ። በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ታይታኒክ ስትሰጥም ከ2,200 በላይ ሰው ጭና የሕይወት አድን ጀልባዎቿ የሚይዙት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባለው መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ከድንጋይ ተላትማ 32 ሰው ሞተ፤ በዕለቱ የተሳፈሩት ሰዎች የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ስለዚህ ዛሬ መርከቡ ሳይነሣ ተሳፋሪው ሁሉ መሰብሰቢያ ቦታውንና የተንሳፋፊ ሰደርያውን አጠላለቅ ማወቅ ግዴታው ነው። እባካችሁ ይህችን ልምምድ «እኛ እናውቃለን» ብላችሁ አትዝለሏት። እማሆይ ሰደርያውን ለማሳየት የቆመችውን ልጅ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «ይህን ለብሶ የሚተርፍ ሰው አባይም አይወስደው» ብለው መረቋት። ከዚያች ሰዓት ወዲያ መስጠም የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

አሁን ወደሚያስፈራው እንሂድ።

ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ዋጋ ዋጋው አይደለም። መጀመሪያ ነገር፣ የተጻፈው በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ያድራል ተብሎ ለአንዱ ሰው ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ ያለ የሁለቱን ሊከፍል ምንም አይቀረው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ከገቡ ግን ብዙ ጊዜ ይረክስላቸዋል፤ ለእኛ ዓይነቱ ተጨናንቆ ለሚተኛ ቤተሰብ የተሠራ ሕግ ነው። በዚያ ላይ የወደብ ክፍያና ግብር ይጨመራል። በዚያ ላይ ለአስተናጋጆቹ ተብሎ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ጉርሻ ይቆረጣል፤ ጉርሻ የሚባለው በፈቃድ የሚሰጥ ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ፣ ሂሳባችሁ ላይ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው የጉዞ መድን አልፎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ መርከቡ ላይ ያለው ሐኪም በዶላር ነው የሚያክመው፣ የብዙ ሰው የጤና መድንም ባሕር ላይ አይሠራም። እነዚህን ሁሉ ደምራችሁ ስታበቁ ነው መርከብ ከመርከብ የምታወዳድሩት።

ጊዜ መምረጥም ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይወደዳል፤ ልጆች ትምህርት ሲገቡ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ ይረክሳል። የሚረክሰው ግን በደግነት አይደለም፤ በካሪቢያን በኩል የአውሎ ነፋሱ ወራት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ካፒቴኑ ማዕበሉን ሸሽቶ ከባሐማስ ወደ ሌላ ደሴት ሊያዞራችሁ ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ ካሣ የለም። ባሐማስን ለማየት የማለ ሰው በመስከረም አይሂድ። መርከቡን ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖ በመስከረም ይሂድ።

እኛ የመረጥነው ከባልቲሞር የሚነሣውን ነው፤ ለዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ የአውሮፕላን ትኬት ስለሚያስቀር። ወደ ማያሚ በርራችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም። ታዲያ ከባልቲሞር የዓለም ትልልቆቹ መርከቦች አይነሡም። ወደቡ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥግ ያለ ስለሆነ በድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው፤ እነሱ ደግሞ በቁመታቸው አያልፉም። በ2016 ዓ.ም. ከማያሚ ሥራ የጀመረው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ ሃያ ፎቅ አለው፣ ሲሞላ ወደ 7,600 መንገደኛና 2,350 ሠራተኛ ይይዛል። አንድ ወረዳ ከነአስተዳደሩ ተነሥቶ ባሕር ገባ በሉት። ትንሹ መርከብ ለእኔ ይበልጥብኛል፤ ሰልፉ ያጥራል፣ ሽማግሌም ክፍሉን አይስትም።

ወደ ወደቡ ስንሄድ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጭነት መርከብ ገጭቶት የወደቀውን የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ለእማሆይ ነገርኳቸው፤ ወደቡ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። «እዚህም ድልድይ ይሰበራል?» ብለው ቢያንስ ለአንድ ማይል ያህል ደስ አላቸው።

ክፍል ስትመርጡ መስኮትና በረንዳ ያለው ዋጋው ሌላ ነው። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ርካሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ ኀፍረት እሱን እመክራለሁ። ባሕሩ ሰገነቱ ላይ በነፃ አለ። እማሆይ በሩ ሲዘጋ ድቅድቅ ማለቱን ወደዱት፤ ለጸሎት ያመቻል አሉ። ከዋጋው በላይ ልትጠነቀቁለት የሚገባው ቦታው ነው። ሆድ የሚገለብጣችሁ ከሆነ ዝቅ ባለ ፎቅ፣ ከመርከቡ ወገብ ላይ ያለውን ያዙ፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። ከላዩም ከታቹም መኝታ ክፍል ያለውን ምረጡ። ከጭፈራ ቤት በላይ ወይም ከመዋኛው በታች ያለ ክፍል የደረሰው ሰው የሌሊቱን ማኅሌት ሳይወድ በግዱ ይቆማል።

ቪዛን በተመለከተ ቀልድ የለኝም። መርከቡ ባሐማስ ደርሶ ሲመለስ ተሳፋሪው እንደገና አሜሪካ እየገባ ነው። እማሆይ የመጡት ደጋግሞ በሚያስገባው ቪዛ ስለነበር ችግር አልገጠማቸውም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ግን ባብዛኛው የሦስት ወርና አንዴ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። በዚህ ቪዛ የመጡ እናቱን መርከብ ላይ የሚያሳፍር ልጅ ወደብ ላይ ለቅሶ ይቀመጣል። የምትወርዱበት ደሴትም የራሱ ሕግ አለው። ከመክፈላችሁ በፊት የመርከብ ድርጅቱንም፣ የሕግ ሰውንም ጠይቁ፤ «የእገሌ እናት ሄደዋል» የሚለው ማስረጃ አይበቃም።

ሻንጣ ስናዘጋጅ ከእማሆይ ጋር የተጣላነው በጧፉ ነው። መርከብ ላይ እሳት የሚነካው ነገር ሁሉ ክልክል ነው፤ ሻማ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የልብስ ካውያ ሳይቀር። መሬት ላይ ቤት ቢቃጠል ሮጠው ይወጣሉ፤ ባሕር ላይ የት ይወጣል? ስለዚህ ጀበናና ረከቦት ይዘን አምስተኛው ፎቅ ላይ ቡና እናፈላለን ያላችሁ ካላችሁ፣ ፍተሻው ላይ ይቀራል። ልጅት በባትሪ የሚበራ ሻማ ገዝታ መጣች። እማሆይ ወዲያና ወዲህ አገላብጠው አዩትና «ይሄማ እግዜርን መሸንገል ነው» ብለው መለሱላት። በቤት የተሠራ ምግብም አይገባም። ከሐበሻ ሱቅ የተገዛ፣ ያልተከፈተ የታሸገ ቆሎ ግን ያልፋል። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ነጠላ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ሻንጣው ከእጃችሁ ወጥቶ ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከመሸ ነው።

እማሆይን ያስጨነቃቸው የጾሙ ነገር ነበር። ጭንቀቱ ያለ ምክንያት ሆነ። በመጀመሪያው ምሽት የእራት አስተናጋጁን ጠርታችሁ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም በሉት፤ የነገውን የምግብ ዝርዝር ዛሬ ያመጣላችሁና ለይታችሁ ታዝዛላችሁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ግን አስተናጋጁ አይፈርድላችሁም፤ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። የመርከቡ ወጥ ቤት የህንድ ምግብ አያጣም። ረቡዕ ማታ የምስር ወጥ ሲመጣ እማሆይ አንዴ ቀምሰው ቀና አሉ። «የእኛው ምስር ነው። በርበሬው መንገድ ላይ ቀርቶበት እንጂ።» ከዚያ ከቦርሳቸው የሚጥሚጣ ብልቃጥ አወጡ። በየትኛው ፍተሻ እንዳሳለፉት አልጠየቅኩም።

ቡፌ መግቢያው ላይ እጅ መታጠቢያ አለ፤ ካልታጠባችሁ የሚቆጣ ሠራተኛም ቆሞበታል። መርከብ ውስጥ የሆድ በሽታ ከተነሣ ከሰው ሰው ስለሚዛመት ነው። ፈረንጁ በጠብታ ሳሙና እጁን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ሲያልፍ እማሆይ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ሠራተኛው የፊሊፒንስ ልጅ ነው፤ በማግስቱ ከሩቅ ሲያያቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይል ጀመር። እሳቸው ደግሞ ያገኙትን ሠራተኛ ሁሉ «የማን አገር ልጅ ነህ?» ሳይሉ አያልፉም፤ ምናልባት ከመካከላቸው አንዱ የጎጃም ልጅ ቢሆንስ። አልሆነም። የእኛ ልጆች ያሉት ከጭነት መርከቦቹ ሆድ ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ መሐንዲሶችን እያሠለጠነ ለውጭ መርከቦች ይልካል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የሌላት አገር መርከበኛ ታወጣለች፤ ይህን ለእማሆይ ብነግራቸው «እንጀራ የት የለም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

የባሕር ሕመም በመጀመሪያው ሌሊት ስላልመጣ ተሸውደን ነበር። ከባልቲሞር የተነሣ መርከብ ውቅያኖስ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ያህል በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ነው የሚጓዘው፤ ውኃው ኩሬ ነው። ከዚያ ሲወጣ ወለሉ መተንፈስ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ክፍል ገብቶ መቀመጥ ያባብሰዋል፤ ውጡና ሰማይና ባሕሩ የሚገናኙበትን መሥመር ትኩር ብላችሁ እዩ። ባዶ ሆድ አትሁኑ፣ ዝንጅብል ያዙ፣ ኪኒኑም ከመታመም በፊት እንጂ ከታመሙ በኋላ ብዙ አይረዳም። ልጅት ግድግዳ ይዛ ስትሄድ እማሆይ መቋሚያቸውን ተክለው ቀጥ ብለው አለፉ። መቋሚያ ለማኅሌት ብቻ አልተሠራም።

አሁን ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ከወደቡ ስትርቁ የመርከቡ የራሱ የሞባይል መረብ ይይዛችኋል፤ ጉንደ ወይን ደውላችሁ «ደኅና ነን» ለማለት የምትከፍሉት ገንዘብ በግ ይገዛል። ኢንተርኔት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ጥቅሉን ከመሳፈራችሁ በፊት ግዙ፤ መርከቡ ላይ ይወደዳል።

መጠጡም ጥቅል አለው፤ ልጅት በበዓል ወይን ስለምትቀምስ ልትገዛ ነበር። ሕጉን ሳነብ ግን ብዙዎቹ ድርጅቶች አንድ ክፍል ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ አብሮ ካልገዛ አይሸጡም፤ አንዱ ገዝቶ ለሌላው እንዳያቀምስ ነው። እናም እማሆይን፣ ቆባቸውን እንደደፉ፣ ያልተገደበ የውስኪ ጥቅል ልናስገባቸው ለጥቂት ተረፍን። ካዚኖውም አለ፤ መርከቡ ከጠረፍ ርቆ ክፍት ባሕር ካልገባ አይከፈትም። ብልጭልጩን አይተው «ይህ ምን ቤት ነው?» ሲሉኝ «ባንክ ነው» አልኳቸው፤ ውሸቴ እምብዛም አይደለም።

ጥሬ ገንዘብ መርከብ ላይ አይሠራም። የክፍላችሁ ካርድ ከባንክ ካርዳችሁ ጋር ይያያዝና ለሁሉ ነገር እሱን ታሳያላችሁ። ገንዘብ ሲወጣ ስለማይታይ ሰው እጁ ይፈታል። ስለዚህ በየምሽቱ ሂሳባችሁን እዩ። እኛ ስናይ የእማሆይ ካርድ ላይ ሁለት ዕዳ ተመዝግቧል፤ ሁለቱም ውኃ ነው። አልጋው አጠገብ ያለችውን ጠርሙስ የቤቱ ግብዣ መስሏቸው ጠጥተዋታል፣ ስትተካም ደግመዋታል። ቡፌው ጋ በብርጭቆ የሚቀዳው በነፃ ነው፤ የክፍሏ ጠርሙስ በዶላር ናት። እማሆይ በሰገነቱ በኩል ያንን ሁሉ ውኃ አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል የምሰማው ለካ እኔን ነው» አሉ።

ደሴት ላይ ስትወርዱ ሰዓታችሁ በመርከቡ ሰዓት ይሁን። የድርጅቱን አስጎብኚ ይዛችሁ ብትዘገዩ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራሳችሁ ታክሲ ብትዘገዩ ጥሏችሁ ይሄዳል፣ ወደሚቀጥለው ወደብ በኪሳችሁ ትደርሳላችሁ። የድርጅቱ ጉብኝት ይወደዳል፤ እኔ በራስ ታክሲ ሄዶ በጊዜ መመለስን እመርጣለሁ። እማሆይ ይህን አልወደዱትም። «የሞጣ አውቶቡስ እንኳ ሰው ቆጥሮ ነው የሚነሣ።»

ሁሉም ሰው ባልቲሞር ዘመድ የለውም፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጣና አለ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ እስከ ባሕር ዳር በተሽከርካሪ ተጭና የመጣችው ጣናነሽ 2 በሐይቁ ላይ ናት፤ ዳገትና ቁልቁለት ያየች መርከብ ከሷ ሌላ እኔ አላውቅም። በትንሿ ጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ተነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ሰደርያ ከሌላት አትሳፈሩ። ዋጋውን ስትነጋገሩ የምታዩትን ገዳም በስም ጥሩ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብቻ ነው ወይስ ናርጋ ሥላሴም አለበት? ናርጋ ደቅ ደሴት ጋ ስለሆነ ቀኑን ይወስዳል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው ካልነገራችኋት ደግሞ ሚስታችሁ ከጀልባው ሳትወርድ ያሰበችውን ስትወርድ ትነግራችኋለች።

ወደ መርከቡ ልመለስ። በመጨረሻው ምሽት ሻንጣ በር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሊት ይሰበስቡታል። የነገ ልብሱን አብሮ ከትቶ በሌሊት ልብስ የሚወርድ ሰው በየመርከቡ አይጠፋም። እማሆይ የለበሱት ነጭ ቀሚስና ጋቢ ስለሆነ የሚከትቱት አልነበረም። ሂሳቡ ላይ ስሕተት ካለ በዚያ ምሽት ጠይቁ፤ ጠዋት ሰልፉ አይጣል ነው።

በዚያው ምሽት የሚቀጥለውን ጉዞ የሚሸጥ ጠረጴዛ አለ። ሰው በጠገበና በተኛ ማግስት እምቢ ማለት ስለማይሆንለት ነው እዚያ ያስቀመጡት። ቀብድ አስይዛችሁ ቅናሽ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜም ይመለሳል፤ ግን «ይመለሳል» የሚለውን በጽሑፍ እዩት። ሻጩ ልጅ እማሆይን በትሕትና አስቀምጦ ሥዕል ገለጠላቸው፤ አላስካ። ነጭ ተራራ፣ ነጭ ሜዳ፣ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚስቁ ሽማግሌዎች። ዋጋውን ተረጎምኩላቸው።

«ይሄ ሁሉ ለብርዱ ነው?»

«ለበረዶው ነው፣ እማሆይ። ለማየት።»

ሥዕሉን መልሰው ወደ ልጁ ገፋ አደረጉት። «ንገረው። እኔ የጮቄ ተራራ ሥር ሰው ነኝ። ለብርድማ ዶላር አልከፍልም።»